ጎማ የሚዳስሰው መካኒክ

ሰው ከሰው ጋር ሲገናኝ ሰላምታ ይቀድማል። ለጎረቤቴ ለመካኒኩ ግን ጎማ ይቀድማል። መኪና ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ሾፌሩ "ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?" ሲላቸው መልስ የለም። ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን የኋላው ጎማ መሃል፣ ፍሬኑን የያዘው ክብ ብረት ላይ ያሳርፋሉ። ብረቱ ካቃጠላቸው ፊታቸው ይጠቁራል። ካላቃጠላቸው ቀና ብለው "እግዜር ይመስገን፣ አንተስ እንዴት አደርክ?" ይላሉ። ባለቤታቸው አንድ ቀን ምሳ ይዘው መጥተው "ከእኔ በፊት የመጣሁበትን ታክሲ ጎማ ነው እኮ የዳሰሰው!" ብለው ሰፈሩን አስቀውታል።

እኔ የመኪና ወንበር ሰፊ ነኝ። ሱቄንና ጋራዛቸውን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው፤ እሱም ከቆርቆሮው ቀዳዳው ይበዛል። እሳቸው የሚሉትን ሁሉ እሰማለሁ፣ እኔ የምለውንም ይሰማሉ። እኔ ደግሞ ብዙ እላለሁ። ስማቸውን የሚጠራ ሰው የለም። ቡሎን ለሚያጠብቀውም፣ መኪና ለሚገፋውም፣ ለሚጣላውም የሚሉት አንድ ነገር ስለሆነ "ጋሼ ቀስበል" ተብለው ቀርተዋል።

ሞተር የሚያወርድ መካኒክ በየሰፈሩ ሞልቷል። ጋሼ ቀስበል ግን የዲፈረንሻል ሰው ናቸው። ዲፈረንሻል ማለት ከመኪናው ሆድ ስር፣ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል የተጋደመው ያ ቦርጫም ብረት ነው፤ ሞተሩ የሚልከውን ዙር ተቀብሎ ለጎማዎቹ የሚያድለው እሱ ነው። ማንም ጎንበስ ብሎ አያየውም። እኔ የሰፋሁትን ወንበር ሰው ይቀመጥበታል፣ ይደገፍበታል፣ "እጅህ ይባረክ" ይለኛል። የሳቸውን ሥራ የሚያየው ጭቃና ጠጠር ብቻ ነው። ሆኖም ያንን ብረት ከፍተው ጥርሱን በጨርቅ ሲወለውሉት፣ ሚዜ ሙሽራ የሚያዘጋጅ እንጂ መካኒክ ብረት የሚጠርግ አይመስልም። እውነቱን ለመናገር እቀናባቸዋለሁ።

ጎማ የመዳሰሱ ነገር ከወጣትነታቸው የመጣ ነው። በጭነት መኪና ረዳት ሆነው ሲሠሩ፣ መኪናው በቆመ ቁጥር ወርዶ የየጎማውን ሙቀት በእጅ መለካት የረዳቱ ሥራ ነበር። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለ። ሾፌሩ መኪናውን ከገደሉ ይልቅ ከተራራው ግድግዳ ጋር አላትሞ አቆመው። ሰው አልሞተም። ጋሼ ግን የተቃጠለው የፍሬን ሸራ ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫቸው አልወጣም። ሾፌር የመሆን ሐሳባቸውን እዚያው ጥለው መካኒክ ሆኑ።

እንዲህ ያሉ ሰው የወለዷት አንድ ልጅ ሾፌር ሆነች። እንግዲህ ምን ይባላል!

ደግሞም ተራ ሾፌር አይደለችም። ጎህ ሲቀድ ባዶ የወተት ዕቃዎቿን ፒካፗ ላይ ጭና ዳገቱን ትወጣለች። ከላይ ካሉት ከብት አርቢዎች ወተት ትቀበላለች፣ ሞልታ ቁልቁል ትወርዳለች፣ ሜዳውን አቋርጣ ወተት ማቀነባበሪያው በር ላይ ትደርሳለች። ይህን መስመር ማንም አልሰጣትም። መኪና ሳይኖራት በእግሯ ተራራውን ወጥታ፣ በየደጃፉ እየቆመች፣ "ወተታችሁን ለእኔ ስጡኝ፣ አላበላሽባችሁም" ብላ አሳምና ነው የፈጠረችው። አሁን እዚያ ላይ ያሉ ቤተሰቦች ሁሉ ጠዋት ጠዋት የሷን ጥሩንባ ነው የሚጠብቁት።

ማቀነባበሪያው በሩን ረፋድ ላይ ይዘጋል። ከተዘጋ ተዘጋ ነው፤ ልመናም እንባም አይከፍተውም። ልጅቷ በቅርቡ ሁለት ጊዜ አርፍዳ ወተቱን ይዛ ተመልሳለች። ተቀባይዋ ሴትዮ ሁለተኛው ቀን ላይ "እህቴ፣ ሌላ ጊዜ ካረፈድሽ መስመሩን ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን፤ ትእዛዝ ነው" አለቻት። ልጅቷ ይህን ለአባቷ ስትነግር በቆርቆሮው ቀዳዳ ሰማሁ።

የማርፈዷ ምክንያት ለሁላችንም ግልጽ መሰለን። የፒካፗ ቤንዚን ሞተር አርጅቶ ጉልበቱ አልቋል፤ ዳገት ላይ ያቃስታል፣ ሜዳ ላይ ያስነጥሳል። ስለዚህ ልጅቷ ከተገለበጠ የጭነት መኪና ላይ የወጣ ደህና የናፍጣ ሞተር አገኘች። ጋሼም ሞተሩን ፈትተው አይተው ወደዱት። አንድ ጣጣ ግን ቀረ። የፒካፗ ዲፈረንሻል የተሠራው ለዚያች ደካማ ሞተር ነው። የናፍጣው ጉልበት ሲያርፍበት ውስጡ ያለው ዘንግ እንደ ደረቅ መቃ ቀንጠስ ይላል። ከሞተሩ ጋር ዲፈረንሻሉም መቀየር አለበት።

አሮጌ ዕቃ ነጋዴው ግቢ ውስጥ ልክ የሚሆኑ ሁለት ተገኙ፤ አንዱ ከሚኒባስ፣ ሌላው ከትንሽ የጭነት መኪና የወጣ። ወርዳቸው አንድ፣ ፍሬናቸው አንድ። ልዩነታቸው ሆዳቸው ውስጥ ያለው ጥርስ ነው። ነጋዴው የሚኒባሱን አሞገሰ።

"ጋሼ፣ ይሄ ይበራል! ራሴ ቆጥሬዋለሁ። ጎማው አንዴ ሲዞር ከሞተሩ የሚመጣው ዘንግ ሁለቴም አይሞላም!"

ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው ዲፈረንሻሉን ዞር ዞር ብለው አዩት። አንደኛው ጎማ የብረት ክምር ስር ተቀርቅሯል።

"አንተ ልጅ፣ አንዱ ጎማ ታስሮ ሌላውን ብቻ ስታዞር እኮ የምትቆጥረው ግማሹን ነው። ቀስ በል እንጂ።"

ጠመኔ አውጥተው ጎማውና ዘንጉ ላይ ምልክት አደረጉ። ጎማውን ሁለት ሙሉ ዙር አዞሩት፣ ዘንጉን በዓይናቸው ተከተሉት። ሦስት ተኩል አለፍ አለ፤ ማለት ጎማው አንዴ እንዲዞር ዘንጉ ሦስት ተኩል ጊዜ ያህል ይዞራል። የጭነት መኪናውን ሲቆጥሩት አራት ተኩልን አለፈ። የመጀመሪያው ፈጣን ነው፤ ሞተሩ ሳይጮህ መኪናው ይሮጣል። ሁለተኛው ዘገምተኛ ነው፤ ጉልበት አለው፣ ሩጫ የለውም።

ልጅቷ ሳትቀመጥ ፈረደች።

"አባዬ፣ ፈጣኑን ግጠምልኝ። በር እየተዘጋብኝ እኮ ነው!"

"መንገዱን ሳላይ አልመርጥም።"

"መንገዱን እኔ በየቀኑ አየዋለሁ አይደል እንዴ?"

"አንቺ በመሪው በኩል ነው ያየሽው። እኔ ከኋላ ላየው ነው።"

እኔም ዝም ማለት አልፈጠረብኝምና ገባሁበት። "ጋሼ፣ ልጅቷ እውነቷን ነው። ዳገቱን የምትወጣው ባዶዋን ነው። ሞልታ የምትሄደው ቁልቁል ነው። ቁልቁል ደግሞ ምን ጉልበት ያስፈልጋል? ድንጋይም ይወርዳል!"

"ድንጋይ ሲወርድ ሰው የለበትም፣ አንተ ሰፊ" አሉኝና ወደ ሥራቸው ዞሩ። ተናደድኩ።

ልጅቷ የአባቷን ጉዞ አልወደደችውም። መጀመሪያ "ወገብህን ያምሃል" አለች። ቀጥሎ "ብርዱ" አለች። ከዚያ "ቦታ የለም" አለች። ጋሼ አንዱንም ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። በማግስቱ ገና ሳይነጋ እሷንም እኔንም ቀሰቀሱን። እኔ ምን ቆርጦኝ ልቅር! ራሴ በሰፋሁት የፊት ወንበር ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ፤ እሳቸው ከኋላ ከባዶ ዕቃዎቹ መሃል ማዳበሪያ አንጥፈው ተቀመጡ፤ መዳፋቸውን እንደ ሐኪም ወለሉ ላይ አሳርፈዋል።

ዳገቱን እያቃሰትን ወጣን። ላይ ስንደርስ ሰዎቹ ልጅቷን ሲቀበሏት ያየሁትን መቼም አልረሳውም። አንዲት አሮጊት ወተቱን ካስረከቡ በኋላ የሹራቧን ቁልፍ ቆልፈውላት "ደግሞ ቀስ ብለሽ ውረጂ፣ የኔ እናት" አሏት። ከኋላ ጋሼ ጮክ ብለው ሳቁ። በዚህ ምድር ላይ አጋር ያገኙ መሰላቸው።

ቁልቁለቱ ተጀመረ። ልጅቷ እስከዚያ ድረስ ስታወራ ነበር፤ አሁን መሪውን ጭብጥ አደረገች። አሮጌው ሞተር መኪናውን መያዝ አቅቶት ዝም ብሎ ይከተላል፤ ጭነቱን ሁሉ የተሸከመው የሷ ቀኝ እግር ነው፣ ፍሬኑ ላይ። ከአንድ ጠመዝማዛ ላይ ውሃ ከአለት ስር የሚፈስበት ሰፊ ቦታ መጣ። መኪናውን ወደ ዳር ሳብ አደረገችው። ከዚያ በመስታወቱ ወደ ኋላ አባቷን አየችና መሪውን መልሳ ቀጠለች። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ትንሽ እንደወረድን ያ ሽታ መጣ። እንደ ተቃጠለ ላስቲክ ነው፣ ግን ይመርራል። ልጅቷ ፍሬኑን ረገጠችው፤ እግሯ ከወትሮው ጠልቆ ገባ። ደግማ ረገጠች። ከጣራው ላይ የጋሼ ጡጫ ተሰማ።

"ማርሽ ቀንሺ! ወደ ግድግዳው አስጠጊ! ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ!"

ማርሹ እያጓራ ገባ፤ መኪናዋ ተንገጫገጨች፤ በስተቀኝ ያለው የአፈር ግድግዳ የጎኗን ቀለም እየፋቀ ይዟት ቆመች። ወተት ጣራው ላይ ተረጭቷል። እኔ በሕይወቴ ያላልኩትን ጸሎት ብያለሁ።

ጋሼ ወርደው ወደ ኋላው ጎማ ሄዱ። መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ገና ሳያሳርፉት መለሱት። ጭስ ይወጣ ነበር። ልጅቷ ወርዳ አጠገባቸው ቆመች።

"ሁልጊዜ ላይ ምንጩ ጋ እቆማለሁ፣ አባዬ" አለች መሬት መሬት እያየች። "እስኪበርድ። ዛሬ አንተ ስላለህ ነው ያለፍኩት።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ። ውሃ እያፈሰስኩበት። ከዚያ ማቀነባበሪያው ጋ ደግሜ አጥበዋለሁ፣ አንተ ስትነካው እንዳይሞቅህ።"

ይህች ልጅ ጎማዎቿን ሳታጥብ ጋራዥ አትመጣም ነበር። "እስቲ ንጽሕና ከሷ ተማሩ!" እያልኩ ደንበኞቼን ስገስጽ ኖሬአለሁ። አባትየውም በየቀኑ ያን ቀዝቃዛ፣ እርጥብ ብረት እየዳሰሱ ደስ ብሏቸው ይገቡ ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ቁልፉን ትወስድብኛለሃ!" አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

እኔም የሚወስዱት መስሎኝ ነበር። መብታቸውም ነው ብዬ አስቤአለሁ። ጋሼ ግን ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

"እዚያ ምንጭ ጋ ብዙ ትቆያለሽ?"

"ባልቆም ኖሮ በሩ አይዘጋብኝም ነበር።"

"አየሽ" አሉ ቀስ ብለው። "የሚያስረፍድሽ ሜዳው አይደለማ።"

ፍሬኑ እስኪበርድ እዚያው አስረዷት። ፈጣኑ ዲፈረንሻል ቁልቁለት ላይ መኪናውን ይለቀዋል፤ አዲሱ ሞተር የቱንም ያህል ቢጠነክር ከኋላ ይዞ ሊያስቀር አይችልም። ዘገምተኛው ግን ጎማውን ከሞተሩ ጋር አጥብቆ ያስረዋል። በዝቅተኛ ማርሽ ስትወርድ ሞተሩ ራሱ ልጓም ይሆናል፤ ፍሬኑ ለመቆም ብቻ ይቀመጣል። ሰው ሁሉ ዲፈረንሻል የሚመርጠው ለዳገቱና ለሜዳው ነው አሉ፤ ቁልቁለቱን የሚያስታውሰው ሲጀምረው ነው።

"ሜዳው ላይስ?" አለች። "በዘገምተኛው እንደ ኤሊ ልሄድ ነው? ብትሳሳትስ? አንድ ቀን ካረፈድኩ አለቀ እኮ፣ አባዬ!"

"ሜዳው ላይ ስንሄድ እናያለን። በከብቱና በጉድጓዱ መሃል ትልቁን፣ የሩጫውን ማርሽ አንዴ ካስገባሽ ፈጣኑን እገጥምልሻለሁ። ብሳሳት መስመሩ ከእጅሽ ይወጣል፤ አውቀዋለሁ። ፈጣኑን ገጥሜልሽ ብሳሳት ግን..." አልጨረሱትም። ተነስተው የወተት ዕቃዎቹን ክዳን ማጥበቅ ጀመሩ።

እሳቸው ሳይነጋ ስለቀሰቀሱን በሩ ሳይዘጋ ለጥቂት ደረስን። እኔም ሜዳውን ሙሉ የልጅቷን እጅ ሳይ ነበር። ትልቁን ማርሽ አንዴም አልነካችውም፤ ዘገምተኛው ተመረጠ።

ከዚያ በኋላ መስመሩን የጎረቤት መኪና ለምና ስትሠራ ሰነበተች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አባትና ልጅ ፒካፗ ስር ጎን ለጎን ተኝተው ይውሉ ነበር። ዲፈረንሻሉ የሚቀመጥበትን የባሌስትራ መቀመጫ በየዱ፤ ረጅሙን ዘንግ አሳጠሩ፤ የፍሬኑን ሸራ ቀየሩ። በቆርቆሮው ቀዳዳ የማየው አራት እግር ብቻ ነው። የምሰማው ደግሞ ይሄን፦

"ቀስ በይ!"

"ቀስ ብያለሁ!"

"የበለጠ ቀስ በይ!"

"አባዬ፣ ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ እንቅልፍ ይወስደኛል!"

እነሱም ሳቁ፤ እኔም መርፌዬን አስቀምጬ ሳቅሁ። እንዲህ ያለ ሳቅ ከዚያ ጋራዥ ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቴ ነበር። እዚህ ላይ ሥራቸውን ካላደነቅሁ ነውር ነው፤ አዲሱ ዲፈረንሻል ሲገጠም ከፋብሪካ አብሮ የወጣ ይመስል ነበር። ብየዳውን ማንም እንደማያየው እያወቁ በሞረድ አለስልሰውታል።

ፒካፗ ለመጀመሪያ ጊዜ ወተት ልታመጣ የወጣች ቀን፣ እኔና ጋሼ ማቀነባበሪያው በር ላይ ሄደን ቆምን። እሳቸው እንኳን ሊያወሩ መቀመጥም አልቻሉም። መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ ይጠርጋሉ፣ መልሰው ይጠርጋሉ። የበሩ ጠባቂ ቁልፎቹን እያንሿሿ ያልፋል። ሌሎች መኪናዎች ገቡ፣ ወጡ።

"ዓይንህ ደህና ነው፤ ትታያለች?" ይሉኛል።

"ገና ነው፣ ጋሼ።"

"ሜዳው ላይ ቀስ ብላ ይሆናል።"

"እንግዲህ እርስዎ ነዎት ያስተማሯት" አልኳቸው። አልሳቁም። እኔም ወዲያው ጸጸተኝ፤ የልጃቸውን የልፋት ፍሬ በራሳቸው ምርጫ ላይ አስይዘው የቆሙ ሰው ናቸው።

ከዚያ ያ የናፍጣ ሞተር ድምፅ መጣ፤ ወፍራም፣ ያልተጨነቀ። ፒካፗ ከመታጠፊያው ብቅ አለች። ተቀባይዋ ሴትዮ ሰዓቷን አየች፤ ደግማ አየች፤ "ዛሬ ምን በልተሽ ነው?" አለቻት። ከኋላዋ ገና የሚመጡ መኪናዎች ነበሩ።

ልጅቷ ሞተሩን ሳታጠፋ ዘላ ወረደች።

"አባዬ! አልቆምኩም! ምንጩን ዝም ብዬ አለፍኩት! እንዴት አደርክ?"

አልመለሱላትም። በአጠገቧ አልፈው ወደ ኋላው ጎማ ሄዱና ጎንበስ አሉ። ጎማው አልታጠበም፤ የተራራውን አቧራ እንደለበሰ ነው። መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አሳረፉ። እኔና ልጅቷ ይጠቁር እንደሆነ ፊታቸውን እናያለን። እጃቸውን አላነሱም። እሷ መታገስ አቅቷት አጠገባቸው ተንበርክካ የራሷን መዳፍ ከጎናቸው አሳረፈች። ብረቱ ለብ ያለ ነበር፣ እንደ ሰው እጅ። የጋሼ እንባ በመነጽራቸው ስር ወርዶ አቧራው ላይ ተንጠባጠበ።

ብዙ ቆይተው ቀና አሉና ልጃቸውን አዩዋት።

"እግዜር ይመስገን" አሏት። "አንቺስ እንዴት አደርሽ?"